መዳፌን የደበቅሁባቸው የጠመኔ ዓመታት

እጅዎ ሳይረጥብ፣ ሊጥም ጭቃም ሳይነካው፣ ለሰላምታ አንጓዎን ሰጥተው ያውቃሉ? ልማዱን ያውቁታል። እየታጠበ ወይም እየሠራ ያለ ሰው እንግዳ ሲመጣበት መዳፉን አጥፎ የእጁን አንጓ ያቀብላል፤ እንግዳውም አንጓውን ጨበጥ አድርጎ ሰላም ይላል። ማንም አይቀየምም። እኔ ግን እጄ ደረቅ ሆኖ፣ እንዲያውም ከመጠን በላይ ደረቅ ሆኖ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውን ሁሉ በአንጓዬ ሰላም ስል ኖሬአለሁ።

ዘንድሮ ከክፍል ወጥቼ የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ሆኛለሁ። ሥራዬ ከአምቦ እየተነሳሁ በየትምህርት ቤቱ መዞር፣ መምህራን ሲያስተምሩ ማየት፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ መመካከር ነው። ደመወዙ ላይ የተጨመረው ትንሽ ነው፤ የሚሞላው ቅጽ ብዙ ነው፤ ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ አልናገርም። ለጡረታ ገና ልጅ ነኝ። ጠመኔ ያስቀመጠ መምህር ግን አንድ ዘመን ዘግቷልና ያንን ዘመን ከመጀመሪያው ጀምሬ ልተርከው። ቅደም ተከተል እወዳለሁ። ማስረዳትም እወዳለሁ፤ ይህ ሁለተኛው ፍቅሬ አንድ ጊዜ ሰው አስጎድቶኛል፤ እደርስበታለሁ።

የመጀመሪያው ምድቤ ጌዶ ነበር፤ መስከረም 2007። የኬሚስትሪ ዲግሪዬን፣ ሁለት ሸሚዝና አንድ ፍራሽ ይዤ ከአውቶቡስ ወረድኩ። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ኦቦ ደበላ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ጋውናቸው ሁልጊዜ እስከ አንገት የተቆለፈ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ሳስተምር ከኋላ ወንበር ተቀምጠው አዩኝ። ደወል ሲደወል ተነስተው ጠመኔውን ከእጄ ወሰዱ፣ ለሁለት ሰበሩትና ግማሹን መለሱልኝ።

«ሙሉ ጠመኔ ይጮሃል» አሉኝ። «ግማሹን ያዝ። ጋደም አድርገውና ጎትተው እንጂ አትግፋው። ስታጠፋ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው። አንተ ወዲያና ወዲህ ታራግበዋለህ፤ ብናኙን ለልጆቹ ቁርስ ልታደርገው ነው እንዴ?»

ከእሳቸው ብዙ ቀዳሁ። ሰሌዳን ለሦስት መክፈልን ቀዳሁ፤ በግራ በኩል እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ የማይጠፋው ርዕስና ቀመር፣ መሀል ላይ ሥራው፣ በቀኝ የተማሪ ጥያቄ። የሙከራ ቱቦን በብዙ ውሃ አንዴ ከማጠብ በትንሽ ውሃ ሦስቴ ማለቅለቅን ቀዳሁ። በየጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ስምና ቀን መጻፍንም እንዲሁ። «ገባችሁ?» ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም፤ «ምን ገባችሁ?» ነው የሚሉት። «ገባችሁ ብትላቸው በይሉኝታ አዎ ይሉሃል፤ ምን ገባችሁ ስትላቸው ያኔ ነው ጉዱ የሚወጣው» ይሉኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ቃል ነበራቸው። ሙከራ ሲበላሽብኝ እደነግጥና ሙቀቱንም፣ መጠኑንም፣ ዕቃውንም ባንዴ ለዋውጬ እንደገና እጀምራለሁ። ያኔ ጣታቸውን ያነሳሉ፦ «ቶኮ ቶኮን፣ ኢልመ ኮ!» አንድ በአንድ፣ ልጄ፣ ማለታቸው ነው። «ሁሉንም ከለወጥከው፣ ቢሳካልህስ በምኑ እንደተሳካ በምን ታውቃለህ?»

አንድ ሌላ ልማድም ነበራቸው፤ እሱን አልቀዳሁትም። እጃቸውን በታጠቡ ቁጥር በፎጣ ነካ ነካ አድርገው ያደርቁና ከጋውናቸው ኪስ ትንሽ ቆርቆሮ አውጥተው ቫዝሊን ይቀባሉ። ቀስ ብለው፣ በጣቶቻቸው መሀል ሳይቀር። እኔና የስፖርት መምህሩ ታደለ እንስቅባቸው ነበር።

«ኦቦ ደበላ፣ ሠርጉ መቼ ነው?» ይላል ታደለ።

እሳቸው ቀና እንኳ አይሉም። «እናንተ አግቡ። እኔ እንጀራ የምበላበትን እጅ እየጠበቅሁ ነው።»

በሁለተኛው ዓመቴ፣ ጥር ላይ፣ በቀኝ እጄ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሀል ያሳክከኝ ጀመር። ደረቀ፣ ቀላ፣ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ጣቶችና ወደ መዳፌ ዘለቀ። ችፌ ነበር፤ ያኔ ስሙን አላውቀውም። እኔ ጠመኔው ነው ብዬ ደመደምኩ። ጠመኔ ከሆነ መፍትሔው መታጠብ ነው። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ በልብስ ሳሙና እታጠብ ጀመር፤ በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ። በታጠብኩ ቁጥር ይብስብኛል፤ በባሰብኝ ቁጥር እታጠባለሁ።

ምግብ ላይ ያለው ስቃይ ይለያል። ቀይ ወጥ ሲቀርብ በርበሬው በስንጥቁ ገብቶ ያንገበግበኛል። በማንኪያ መብላት ስጀምር ታደለ «ፈረንጁ» አለኝ። ነጭ የጥጥ ጓንት አድርጌ ስታፍ ስገባ ደግሞ መንገዴ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ፦ «አቁም! መንጃ ፈቃድ!» በከተማችን ነጭ ጓንት የሚያደርገው ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነውና ስታፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቀልዱ አልጎዳኝም።

የጎዳኝ ሌላ ነው። በወላጆች ቀን አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉልኝ። መዳፌን ዘረጋሁ። አዩት፤ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ጋቢያቸው መለሱ። ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ «እግዜር ይማርህ» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንጓዬን መስጠት ጀመርኩ። ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር «ጠመኔ ነክቶኛል» እለዋለሁ። መምህር ነኝ፤ ማን ይጠራጠረኛል?

ጉደር የተዛወርኩት በ2011 ነው። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ላይ ኮሮና መጣና መጨባበጥ ቀረ። ሳልደብቅ ልናገር፦ ሰው ሁሉ ሲጨነቅ እኔ በአንድ በኩል ተገላገልኩ። አገሩ በክርኑ ሰላም ሲባባል የእኔን አንጓ ማን ልብ ይለዋል? ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን ሥርዓት ይወዳል ተብዬ የእጅ መታጠብ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆንኩ። በሩ ላይ ቧንቧ ያለው በርሜል አስተከልኩ። ሃያ ሰከንድ እንዴት እንደሚታጠቡ በየክፍሉ እየዞርኩ በራሴ እጅ አሳየሁ። ለወንበር መወልወያ የሚሆነውን በረኪና ራሴ ለክቼ፣ ራሴ በጥብጬ፣ በባዶ እጄ አከፋፈልኩ። ከእኔ የበለጠ ንጹሕ እጅ ያለው ሰው በግቢው አልነበረም። እንደ እኔም እጁ የሚደማ አልነበረም።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ከጻፍኩት ቀመር አጠገብ ቀይ ነጥብ አየሁ። ቀይ ጠመኔ አልያዝኩም ነበር። በዳስተር አጠፋሁትና ማስተማሬን ቀጠልኩ። ጠመኔ መያዝ ካልቻልኩ ምን ልሆን ነው? ሌላ ሥራ አላውቅም፤ ደግሞም አልፈልግም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያልሞከርኩት የለም። እሬት ቀባሁ። ሎሚ አሸሁ፤ ያን ቀን እንባዬ ወረደ። በየቅዳሜው አምቦ ሄጄ ፍል ውሃ ገባሁ። በመጨረሻ አንድ ሰው የነገረኝን ቅባት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዛሁ። በአምስተኛው ቀን መቅላቱም ማሳከኩም ጋብ አለልኝ። ተአምር መሰለኝ።

ጫልቱ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች፤ ፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ጥያቄ የማያልቅባት። ሌሎቹ መምህር ዞር ሲል ማስካቸውን ያወልቃሉ፤ እሷ አታወልቅም። አንድ ቀን ደብተር ልታስረክበኝ መጥታ እጄን አየችው።

«ቲቸር፣ እጅዎ በምን ዳነ?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

ማስኳን ዝቅ አደረገች። ጉንጯ ላይ የሃምሳ ሳንቲም ያህል ክብ ነበር፤ ዳር ዳሩ ቀላ ያለ፣ የሚፈረፈር። አሳዘነችኝ፤ መደበቅን አውቀዋለሁና። ወዲያው ማስረዳት ጀመርኩ። ቆዳ እንዴት እንደሚቆጣ፣ ቅባቱ እንዴት እንደሚያበርደው፣ በስሱ ጠዋትና ማታ እንደሚቀባ። ሰሌዳ ቢኖር ለሦስት እከፍለው ነበር። የቀረውን ቅባት ከነቱቦው ሰጠኋት። በሳምንቱ «ቲቸር፣ ጠፋ!» ብላ ስትስቅ ደረቴ ተነፋ።

በአራተኛው ሳምንት ከትምህርት ቀረች። በአምስተኛው ሰኞ አባቷ ኦቦ ቱሉ ይዘዋት መጡ። ገበሬ ናቸው፤ ጮክ ብለው የማይናገሩ ሰው። «ማስክሽን አውልቂ» አሏት። ያ ክብ ተባዝቶ ጉንጯን ሞልቶ፣ ጆሮዋን ዞሮ፣ ግንባሯ ላይ ወጥቷል። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

እንደ ልማዴ አንጓዬን ዘረጋሁ። ኦቦ ቱሉ አልያዙትም።

«መምህር፣ ልጄን የሰጠሁህ ኬሚስትሪ እንድታስተምራት ነው። ፊቷን አልሰጠሁህም።»

 ላስረዳ አልሞከርኩም። «ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ» ብቻ አልኩ። ሦስታችንም ሄድን።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበሉን ሲስተር አልማዝ ናቸው፤ ጸጉራቸው ሸበት ያለ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ። የጫልቱን ፊት ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩ። «ምን ቀባሽ?» ሲሉ እጄ ተመልሶ ሲሰነጠቅ ለራሴ ደግሜ የገዛሁትን የዚያኑ ቅባት ቱቦ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«ማን አዘዘላት?»

«እኔ።»

«ለአንተስ ማን አዘዘልህ?»

«እኔው።»

«ጎበዝ! ሐኪሙም አንድ፣ መድኃኒቱም አንድ፤ በሽታው ብቻ ነው ሁለት።» ኦቦ ቱሉ እንኳ ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ሲስተር ወደ ጫልቱ ዞረው በለሰለሰ ድምፅ አስረዱ። የእሷ ጭርት ነው፤ ፈንገስ። የእኔ ቅባት መቅላቱን ያበርዳል፣ ፈንገሱን ግን አይገድልም። «ዘበኛውን አስተኝቶ ለሌባው በር መክፈት ማለት ነው» አሉ። የሚዋጥና የሚቀባ አዘዙላት። «ይድናል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ሲጠፋ አቁሜዋለሁ እንዳትይኝ፤ እኔ አቁሚ እስክልሽ ነው።»

ልንወጣ ስንል «መምህር፣ አንተ ቆይ። እጅህን» አሉኝ። አንጓዬን ዘረጋሁ።

«እሱን አይደለም። ሰላም መቼ አልኩህ?»

መዳፌን ከፈትኩ። በመስኮቱ ብርሃን ገለባበጡት፤ ሳይጸየፉ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው። ከዓመታት በኋላ መዳፌን የያዘ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

«ይሄ ችፌ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን የሚሄድ የሚመጣ ነው፤ እንደ ዘመድ ቁጠረው፤ አታባርረውም፣ አያያዙን ትማራለህ። የጭቃ ቤት ታውቃለህ አይደል? የአንተ ግድግዳ ምርጊቱ ረግፏል። በረገፈው ላይ በቀን ስምንቴ ውሃና ሳሙና ትደፋበታለህ። የማዝልህ ቅባት እሳቱን ያጠፋልሃል፤ ግድግዳውን ግን አይመርግልህም። የሚመርገው ቫዝሊን ነው፤ መራጊው ደግሞ አንተ።»

ከዚያ መመሪያው ተከተለ። ያዘዙልኝ ቅባት በስሱ ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ እሳቸው ባሉት መሠረት እየቀነሱ። የልብስ ሳሙና እጄ እንዳይነካ። በረኪና ስይዝ ከውስጥ የጥጥ፣ ከላይ የላስቲክ ጓንት። በታጠብኩ ቁጥር እጄ ጨርሶ ሳይደርቅ ቫዝሊን፣ በጣቶቼ መሀል ሳይቀር።

«በጣቶችህ መሀል» ሲሉ የኦቦ ደበላ ቆርቆሮ ፊቴ ድቅን አለ። ሠላሳ ዓመት ጠመኔና አሲድ ያልሰነጠቁት ለስላሳ እጅ! በየቀኑ ከፊቴ ነበር። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ጌዶ ደወልኩ።

«ኦቦ ደበላ፣ ያ ቆርቆሮ ለምን እንደሆነ ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? ሳቅህ እንጂ።» ቀጠሉና «አሁን ስንት ነገር ነው የምታደርግበት?» አሉ። እሬቱን፣ ሎሚውን፣ ፍል ውሃውን፣ ቱቦውን ቆጠርኩላቸው። ሌላኛው ጫፍ ላይ ሲስቁ ተሰማኝ። «ቶኮ ቶኮን፣ ኢልመ ኮ። ደብተር ያዝ።»

ደብተር ያዝኩ። ቀኑን፣ ስንት ጊዜ በምን እንደታጠብኩ፣ ምን እንደቀባሁ፣ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ማሳከኩን ከዜሮ እስከ ዐሥር። እሬቱንና ሎሚውን ተውኩ፤ የሲስተርን መመሪያ ያዝኩ። በአራተኛው ሳምንት ስንጥቁ ገጥሞ ነበር፤ ማሳከኩ ከስምንት ወደ ሦስት ወርዷል። ነገር ግን አንድ ያልገባኝ ነገር ነበር። ደብተሩን ለሲስተር አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ገፋ አድርገው በጣታቸው ዓምዱን ወረዱ።

«እሑድ ስድስት። እሑድ ስድስት። እሑድ ሰባት። መምህር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትውለው?»

«አምቦ፣ ፍል ውሃ። ለእጄ ብዬ ነው።»

«ገብተህ ምን ታደርጋለህ?»

«በሳሙና በደንብ እፈትገዋለሁ፤ አንድ ሰዓት ያህል…» አፌ ላይ እንዳለ ገባኝ። ሲስተር ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ሳምንቱን ሙሉ ትመርጋለህ፣ ቅዳሜ በአካፋ ታራግፋለህ!»

በውሃው ላይ ክፉ አልናገርም፤ ለብዙ ሰው ወገብና ጉልበት ደርሷል። ጥፋቱ የፈታጊው ነው። ቀጣዮቹን ቅዳሜዎች ጉደር ዋልኩ፤ እሑዱም ወደ ሁለት ወረደ። ከዚያ ተከሳሹን ጠመኔ ለብቻው ፈተንኩት። አንድ ሳምንት በወረቀት ጠቅልዬ ጻፍኩ፣ አንድ ሳምንት በባዶ እጄ፤ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተውኩት። ቁጥሩ እምብዛም አልተለወጠም። ዓመታት የወነጀልኩት ጠመኔ ዋናው ጠላቴ አልነበረም፤ ሳሙናዬ ነበር። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ሙከራዎች የምኮራበት ይህ ነው፤ ዕቃው አንድ ደብተርና የገዛ እጄ ነበር።

በ2014 ጥር ላይ ለርዕሰ መምህሩ መዳፌን ሰጠሁ። ምንም አላስተዋሉም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ችፌው አሁንም በዓመት አንዴ ሁለቴ ብቅ ይላል፤ እንደ ዘመድ አስተናግደዋለሁ፣ ይሄዳል። ቆርቆሮዬ ከኪሴ አይጠፋም፤ በላዩ ላይ ስምና ቀን ያለበት ፕላስተር ተለጥፏል።

ጫልቱ ወደ ሦስት ወር ገደማ ወሰደባት። ያመለጣትን ትምህርት ከሰዓት በኋላ ቤታቸው እየሄድኩ አስተማርኳት። ኦቦ ቱሉ ወንበር ያወጡልኛል፣ እርጎም ያስቀርቡልኛል። እጅ ግን አይሰጡኝም። ፊቷ ያለ ጠባሳ ጸዳ፤ ትምህርቷን ቀጠለች፤ በጊዜውም ዩኒቨርሲቲ ገባች። ለሌላው ሁሉ መዳፌን በምሰጥባቸው በእነዚያ ዓመታት ከኦቦ ቱሉ ጋር ከሩቅ አንገት ሰበር አድርገን ነው የምንተላለፈው። ይገባኛል እያልኩ አልፋለሁ።

ዝውውሬ ደርሶ ልሰናበታቸው የሄድኩት ሐምሌ ላይ ነው። ከእርሻ መሀል አዩኝና በሬዎቹን አቁመው መጡ። እስከ ክርናቸው ጭቃ ናቸው። አጠገቤ ሲደርሱ መዳፋቸውን አጠፉና አንጓቸውን ዘረጉልኝ።

አንጓቸውን አልያዝኩም። መዳፌን ከፍቼ ቆምኩ።

«ኦቦ ቱሉ፣ መዳፍዎን ይስጡኝ።»

«ጭቃ ነው እኮ፣ መምህር።»

«ይሁን።»

አዩኝ። ከዚያ ያችን ሰፊ እጃቸውን ከፍተው ጨበጡኝ፤ አጥብቀው። ከጭቃው ሥር መዳፋቸው እንደ ዛፍ ቅርፊት የተሰነጠቀ ነበር። ግራ እጄ ሳላዘው ወደ ኪሴ፣ ወደ ቆርቆሮው ሄደ። መሀል ላይ ቆመ።

«ምነው?» አሉኝ። ኪሴን እያዩ ነው።

«መዳፍዎ ተሰነጣጥቋል። መጀመሪያ ሲስተር አልማዝ ይዩት። አብረን እንሂድ።»

ኦቦ ቱሉ እጄን ሳይለቁ ሳቁ፤ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። «አሁን ገና መምህር ሆንክ!»

አንባቢዬ፣ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። እጁ ሳይረጥብ አንጓውን የሚሰጥዎ ሰው ከገጠመዎ አይቸኩሉ። አንጓውን አይያዙ፤ ለምን ብለውም አይጠይቁት። መዳፍዎን ከፍተው ትንሽ ይጠብቁት። እስኪ ይሞክሩት።